የገንፎ ስልቻችንና የጀልባው ጭስ

እህቴ ትርንጎ ባለፈው ቅዳሜ ሴት ልጅ ተገላገለች። እሷም ደኅና ናት፣ ልጅቱም ደኅና ናት። ልጅቱማ ደኅና ብቻ አይደለችም፤ ጩኸቷ አጥሩን አልፎ መንገድ ላይ ይሰማል። እሷ ባለቀሰች ቁጥር እኔ እስቃለሁ። እናቴ «ሕፃን ሲያለቅስ የሚስቅ ሰው ገና ዛሬ አየሁ» ትለኛለች፤ ዞር ትልና ግን ራሷም ፈገግ ትላለች። ምክንያቱን ታውቃለች። ይቺ ልጅ አልቅሳ እንድንሰማት ስንፈራና ስንጸልይ ነው የከረምነው።

የአማርኛ አስተማሪያችን አንድ ድርሰቴን ለክፍሉ ካነበቡልኝ ወዲህ እጄ ዝም ብሎ መቀመጥ አልቻለም። ስለዚህ ይህንንም እጽፈዋለሁ። እስካሁን ያልጻፍኩት ልጅቱ እስክትወለድ ድረስ መጨረሻውን ስለማላውቅ ነው።

ነገሩ የደረሰብን በዚህ ዓመት፣ የግማሽ ዓመት ፈተና ጨርሰን ትምህርት ቤት በተዘጋ ሰሞን ነው። ሚሊኒየሙን ካከበርን ሦስተኛ ዓመታችን መሆኑ ነው። የተከዜ ግድብ ውኃም ያን ጊዜ ወደ አበርገሌ ሸለቆዎች ገብቶ ተኝቶ ነበር።

እህቴ ያገባችው አበርገሌ ውስጥ ነው። ባሏ ከጎንደር በኩል ተመድቦ የመጣ የግብርና ሠራተኛ ነው። የሚኖሩበት ቀበሌ ድሮ ወንዙን በእግር ተሻግረው የሚደርሱበት ነበር። አሁን ሐይቁ መንገዱን በልቶታል። ዙሪያውን እሄዳለሁ ያለ ገደል ለገደል ሲንከራተት ይውላል፤ ለነፍሰ ጡር ደግሞ የሚታሰብ አይደለም። ያለው ጀልባ ብቻ ነው።

በእኛ ዘንድ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነው። ሆዷ ሲገፋ እናቴ «ሂጂና እህትሽን ይዘሽልኝ ነይ፤ መንገዱ ሳይከብዳት» ብላ ላከችኝ። የእህቴ ባል ለስልጠና ባሕር ዳር ሄዶ ስለነበር ሌላ የሚያመጣት ሰው አልነበረም። እኔ ደግሞ ከሰቆጣ ወጥቼ ብቻዬን ሩቅ መንገድ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው። በደስታ ዘለልኩ። ጀልባው ትዝ አላለኝም።

ጀልባው ከጣና በመኪና ተጭኖ የመጣ የብረት ጀልባ ነው። መሀሉ ላይ የእንጨት ሣጥን አለ፤ በናፍጣ የሚሠራው ሞተር እዚያ ውስጥ ነው ያለው። የሚነዳው ይበልጣል የሚባል የጣና ዳር ልጅ ነው። ሁሉም ሰው «ካፒቴን» ነው የሚለው። ከንፈሩ ላይ ቀልድ አይጠፋም።

ከጀልባው በላይ ሸራ ተወጥሯል። የተሠራው ለፀሐይ ነው፤ ጎንና ጎኑ ተጠቅልሎ ይታሰራል። የእኛ ሰው ግን ሸራውን ለሌላ ነገር ፈለገው። ደጋ ተወልዶ ያደገ ሰው እንዲህ ያለ ውኃ የት ያውቃል? ከአጠገቡ ሲያየው ራሱን ያዞረዋል። ስለዚህ ጀልባው ላይ የወጣ ሁሉ መጀመሪያ የሚለው «ሸራውን አውርድልን» ነው። ሸራው እስከ ታች ይወርድና ጠርዙ በገመድ ከጀልባው ጋር ይታሰራል። ሰዉ ድንኳን ውስጥ እንደተቀመጠ ሆኖ፣ ውኃ የሚባል ነገር ሳያይ ይሻገራል። እኔም ስሄድ እንደዚያ ነው የተሻገርኩት። እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ስንመለስ ረፋዱ ላይ ነው የተሳፈርነው። ገበያተኞች አሉ። መምሬ ካሳ የሚባሉ ሽማግሌ ቄስ አሉ። እማማ ዝማም የሚባሉ አሮጊት በዋግ ሰው ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ ለብቻቸው እያጉረመረሙ ተቀምጠዋል። ከሁመራ ሥራ የተመለሰ ሲሳይ የሚባል ጎረምሳም አለ፤ አዲስ ጃኬቱን በዚያ ሙቀት ሳያወልቅ ተቀምጧል።

እህቴ እቅፏ ውስጥ ስልቻ ይዛለች። ስልቻው የፍየል ቆዳ ነው፤ ሆዱ ሳይሰነጠቅ እንደ ከረጢት ተገፎ የለፋ። ውስጡ የገብስ ዱቄት ሞልቷል። ለአራስነቷ ገንፎ ራሷ ቆልታ፣ ራሷ አስፈጭታ፣ ራሷ ነፍታ ያዘጋጀችው ነው።

«እናታችን አትጣላሽም? እሷ አዘጋጅታ የለ?» አልኳት።

«የሷን ለእንግዳ ታድርገው። እኔ የቆላ ገብስ ነው የማምነው» አለች።

«የቆላ ገብስ የሚባል አለ እንዴ?»

«ባሌ የግብርና ሠራተኛ ነው። አለ ካለ አለ።»

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ በኋላ ለረጅም ሰዓት አልሳቅንም።

ካፒቴን ሞተሩን ሊያስነሳ ሲል ሰዉ እንደተለመደው ስለ ሸራው ጮኸ።

«ዛሬ ነፋስ አለ፤ ተከፍቶ ቢሄድ ይሻላል» አለ ካፒቴን።

«ነፋስ ካለማ ይበልጥ ዝጋው» አሉ መምሬ ካሳ።

«አባቴ፣ ጣና ላይ ሰው ከአዲስ አበባ ድረስ ውኃ ሊያይ ይመጣል። እርስዎ ላለማየት ይከፍላሉ።»

«ውኃ በእንስራ አይቻለሁ፣ ይበቃኛል። አንተ ዝጋና ንዳ።»

ሰዉ ሳቀ። ካፒቴንም እየሳቀ ሸራውን በግራም በቀኝም አወረደና አሰረው። እሱ ራሱ የሚቀመጠው ከሸራው ውጪ፣ ከኋላ መሪው ላይ ነው።

ጉዞ ጀመርን። የናፍጣው ሽታ ነበረ። ግን ሞተር ባለበት ሁሉ ይሸታል ብለን ማንም ከቁብ አልቆጠረውም። ከውኃው ጋር ሲነጻጸር ሽታ ምን ያደርጋል? መምሬ ካሳ ጸሎታቸውን ጀመሩ። ሰዉ ነጠላውን ተከናንቦ አብሮ ያጉተመትማል። እህቴ ስልቻዋን ትራስ አድርጋ ትከሻዬ ላይ ተደገፈች።

ትንሽ ከሄድን በኋላ ጸሎቱ እየቀዘቀዘ መጣ። መጀመሪያ ገበያተኞቹ ጸጥ አሉ። ሲሳይ አንገቱን ደፋ። እማማ ዝማም «ተመስገን፣ ፍርሃቱ ለቀቀኝ፤ እንቅልፍ መጣልኝ» አሉ። መምሬ ካሳም «እሱ ነው የሚያሳርፍ» አሉ፤ ቃሉ አፋቸው ላይ ተጎተተ። እኔም ሰውነቴ ከበደኝ። ጸሎቱ ደርሶልን ነው ብዬ አሰብኩ። እንዲያውም ደስ የሚል ነገር ነበረው።

ቀጥሎ ራሴን ይወቅረኝ ጀመር። ሊያስመልሰኝ መጣ። እኔ መኪና ላይም ያስመልሰኛል፤ ለዚያ ነው ሁልጊዜ ዳር የምቀመጠው። እህቴ ቀሚስ ላይ እንዳላስመልስ ብዬ ከሸራው ጠርዝ አንዱን ገመድ ፈታሁና ራሴን ወደ ውጪ አወጣሁ።

አስመለሰኝ። ዓይኔን ስከፍት ውኃው አፍንጫዬ ስር ነበር፤ ጥቁርና ጥልቅ። ከመፍራቴ ጋር ግን አንድ ነገር ታወቀኝ። ነፋሱ ፊቴን ሲመታው ራሴ ቀለለኝ። የነቃሁ መሰለኝ። ወደ ውስጥ ስመለስ ደግሞ ያ ክብደት በአንድ ትንፋሽ ተመልሶ ያዘኝ። ጉሮሮዬ ተቃጠለ። በዚያ ላይ እግሬ ረጥቧል። ጫማዬ ውኃ ውስጥ ነው።

«እታለም» አልኳት እህቴን። እኔ እንዲህ ነው የምጠራት። አልመለሰችልኝም። ትከሻዋን ወዘወዝኳት። ራሷ እንደ ሞተ ሰው ወደ ጎን ወደቀ። ከንፈሯ ላብ አውጥቷል፤ ዓይኗ በግማሽ ተከፍቷል፤ እኔን ግን አያይም።

ዙሪያዬን አየሁ። ሁሉም ተኝቷል። ያ ሁሉ ሰው ውኃ እየፈራ የመጣ ሰው ነው፤ እንዴት አንድ እንኳ የሚፈራ ሰው ይጠፋል? ጮህኩ። ካፒቴን ከሸራው ውጪ ሆኖ «ደረስን፣ ደረስን፤ አትፍሪ አንቺ ተማሪ» አለኝ። በፍርሃት የጮህኩ ነው የመሰለው። እሱ ያን ጩኸት ለምዶታል።

ገመዱን መፍታት ጀመርኩ። መምሬ ካሳ ከእንቅልፋቸው ሳይነቁ እጃቸውን ዘርግተው ሸራውን ያዙት።

«ዝጊው ልጄ፣ ውኃው ይታያል።»

«አባ ይልቀቁኝ፣ ሰዉ እያለቀ ነው።»

«ዝጊው አልኩሽ።»

ሽማግሌ አክብሬ ያደግሁ ነኝ፤ ግን እጃቸውን መትቼ አስለቀቅኋቸው። ቋጠሮው እምቢ ሲለኝ በጥርሴ ፈታሁት። ሸራው ሲነሳ ብርሃንና ነፋስ አንድ ላይ ገቡ። ያኔ ከመቀመጫዎቹ ሥር የሚወጣው ጭስ ታየ፤ ሰማያዊ ነው፣ ከእግራችን ሥር እንደ ጉም ይንከባለላል።

ካፒቴን ሲያየው ቀልዱ ሁሉ ፊቱ ላይ ደረቀ። ዘሎ መጣና ሞተሩን አጠፋው።

ሞተሩ ሲጠፋ የመጣው ጸጥታ ከሁሉም በላይ አስፈራኝ። የሚሰማው ውኃው ብረቱን ሲልሰው ብቻ ነው።

ካፒቴን የሣጥኑን ክዳን አነሳ። እኔ እህቴን ወደ ነፋሱ እየጎተትኩ ነበር፤ እሱ ግን ለራሱ ሲናገር ሰማሁት። ሞተሩ ከሐይቁ ውኃ እየሳበ ራሱን ያቀዘቅዛል። ውኃውንና ጭሱን ደግሞ በአንድ ወፍራም የጎማ ቱቦ በመቀመጫዎቹ ሥር አሳልፎ ከኋላ ይተፋዋል። ቱቦው ካረጀ ቆይቷል። ካፒቴን አዲስ አስልኮ እስኪመጣ ድረስ በጎማ ቁራጭ ጠምጥሞት ነበር። አሁን ከሞተሩ አጠገብ ሙሉ በሙሉ ተበጥሷል። ጭሱም ውኃውም የሚወጣው እኛ ያለንበት፣ ጀልባው ውስጥ ነው።

«ሞተሩ ቢነሳ ጀልባው ውኃ ይሞላል» አለ። «ካልተነሳ ደግሞ...» አለና ቀና ብሎ አየ።

እኔም አየሁ። ነፋሱ ወደ ሸለቆው አፍ እየነዳን ነበር። እዚያ ሐይቁ የዋጠው ጫካ አለ። የደረቁት ዛፎች ጫፎች ከውኃው ውስጥ እንደ ጦር ቆመዋል። የሚታየው ጫፉ ነው፤ የማይታየው ሥሩ ነው። ካፒቴን አንድ መቅዘፊያ ነበረው። ነፋሱ ግን ከእሱ ይበረታል።

ሰዉ ቀስ በቀስ ነቃ። የነቃ ሁሉ መጀመሪያ ያስመልሰዋል፣ ቀጥሎ ውኃውን ያያል፣ ቀጥሎ ይጮሃል። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ሲያፈገፍግ ጀልባው ዘመመ። ካፒቴን «ቁጭ በሉ። የተነሳ ሁሉ ሌላውን ይገድላል» አለ። ያን ጊዜ ድምፁ ሌላ ሆነ። ሰዉ ተቀመጠ። እማማ ዝማም ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው በኽምጣኛ ልጆቻቸውን አንድ በአንድ በስም ይጠራሉ። የሞቱትንም ጭምር።

ከጀልባው ወለል ውኃ በጣሳ ቀድቼ ፊቷ ላይ ስረጭባት እህቴ ተነፈሰች። ሳለች። አስመለሳት። እኔ አለቀስኩ፤ ዳነች ብዬ ነው። እሷ ግን እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ቆየች። ጥቂት ቆይታ ሌላኛውንም እጇን ጨመረች።

«አይንቀሳቀስም» አለች።

«ምኑ?»

«ልጄ። ጠዋት ሲራገጥ ነበር። አሁን የለም።»

«ተኝቶ ነው» አልኳት። ሁላችንም ተኝተን አልነበር? እሷ ግን የሆዷን ግራና ቀኝ እየዳሰሰች፣ የሄደን ሰው በር እንደሚያንኳኳ ሰው በጣቷ መታ መታ ታደርገው ነበር። «ቶሎ አውጡኝ» አለች። ጮክ ብላ አይደለም። «ቶሎ ከዚህ አውጡኝ።»

ካፒቴን ከተበጠሰው ቱቦ ጋር እየታገለ «ሁለት በኩል ክፍት የሆነ ነገር ያለው ሰው አለ? ክንድ የሚያህል። ምንም ይሁን» አለ።

ሰዉ ዕቃውን አገላበጠ። አንዱ የፕላስቲክ ጠርሙስ አቀበለ። ካፒቴን «ይቀልጣል» ብሎ ጣለው። ሲሳይ አዲሱን ጃኬት አወለቀና አንዱን እጅጌ በሰንጢ ቆርጦ ሰጠው።

«እርግጠኛ ነህ?» አለው ካፒቴን።

«ባንድ እጅጌ እለብሰዋለሁ። አንተ ብቻ አስነሳው።»

እጅጌውን በሽቦ አስረው ሞተሩን አስነሱ። ብዙም አልቆየ። ውኃው በስፌቱ ፈሰሰ፣ ጨርቁ ጨሰ፣ ፈነዳ። ጭሱ ተመልሶ ሞላብን። እህቴ በነጠላዋ አፍንጫዋን ይዛ ራሷን ከጀልባው ውጪ አወጣች። ካፒቴን አጠፋውና ሣጥኑን በቡጢ መታው። ዛፎቹ ቀርበዋል። የቅርፊታቸው ስንጥቅ ይታየኝ ጀምሯል።

ያን ጊዜ ዓይኔ ስልቻው ላይ አረፈ። ወለሉ ላይ ወድቆ ሥሩ በውኃ ርሷል። አንገቱ በጠፍር ታስሯል። የፍየሉ አንገት የነበረው ማለቴ ነው፤ ዱቄቱ የሚገባበት። የክንድ ውፍረት አለው። ስፌት የለውም።

ማንንም አልጠየቅሁም። ብጠይቅ ኖሮ እህቴ እሺ ትለኝ ነበር፤ ግን ለመጠየቅ አፌ አልታዘዘልኝም። ጠፍሩን ፈታሁና ነጠላዬን ዘርግቼ ዱቄቱን ገለበጥኩት። ነፋሱ ወሰደው። ሁላችንም ነጭ ሆንን። መምሬ ካሳ ጺማቸው ላይ የገብስ ዱቄት ይዘው አፈጠጡብኝ።

«ምን ታደርጊያለሽ?» አሉ።

«ይኸው» ብዬ ለካፒቴን ወረወርኩለት።

ካፒቴን ስልቻውን አገላብጦ አየው። እጁን በአንገቱ ከቶ ስፋቱን ለካው። ከዚያ ከሲሳይ ሰንጢውን ተቀበለና አንገቱን ከሆዱ ለይቶ ቆረጠው፤ ሁለት በኩል ክፍት የሆነ ቱቦ ወጣው። «ቆዳ ሲደርቅ ነው የሚሰነጠቅ። አርጥቢልኝ» አለኝ። ሐይቁ ውስጥ ነከርኩት። እጄን ውኃው ውስጥ የከተትኩት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ማን ይነካዋል?

አንዱን ጫፍ በሞተሩ የብረት አፍ ላይ አለበሰው። ሌላውን ጫፍ ደኅና በቀረው ቱቦ ላይ አለበሰው። መምሬ ካሳ ጠፍሩን በጥርሳቸው ይዘው፣ ሲሳይ በሌላ በኩል እየጎተተ፣ ሁለቱንም ጫፎች ጥርቅም አድርገው አሰሯቸው። ካፒቴን «ቆዳው ከብረቱ ጋር ሲገናኝ ይቃጠላል። አንድ ሰው ሳያቋርጥ ውኃ ያፍስስበት» አለ።

«እኔ» አልኩ።

አስነሳው። ቆዳው ተነፋ። ረገበ። ተነፋ። ፍየሉ ተመልሶ መተንፈስ የጀመረ ነው የሚመስለው። እማማ ዝማም አዩትና አማተቡ። የተቃጠለ ጸጉር ሽታ መጣ። እኔ ከጀልባው ወለል በጣሳ እየቀዳሁ ቆዳው ላይ አፈሳለሁ፤ ሲሳይ የቀረውን ወደ ሐይቁ ይደፋል። ጭሱ በጠፍሩ ሥር ትንሽ ትንሽ ያፈተልካል፤ ነፋሱ ግን ይወስደዋል፤ ሸራው ተጠቅልሎ ከላይ ታስሯል። አንድ ዛፍ የጀልባውን ጎን ፋቀው። ድምፁ ጥርሴ ውስጥ ገባ። ካፒቴን መሪውን ጠመዘዘ። ወጣን።

የቀረውን መንገድ ሁሉም ውኃውን እያየ ነው የሄደው። ማንም ዝጉልን አላለም።

እኔ ቀና ብዬ አላየሁም። ጣሳውን ነው የማየው፣ ቆዳውን ነው የማየው። በየመሀሉ «እታለም፣ ተንቀሳቀሰ?» እላለሁ። እሷ «ገና» ትላለች። ደግሜ እጠይቃለሁ። «ገና።» በኋላ መጠየቁን ተውኩት፤ መልሱን ከምሰማ ዝም ብል ተሻለኝ።

ዳር ስንደርስ ሲሳይና ገበያተኞቹ ጋቢ ዘርግተው ተሸከሟት። እስከ ጤና ኬላው ድረስ ሽቅብ ነው። መምሬ ካሳ ከፊት ከፊት እየሮጡ «መንገድ፣ መንገድ» ይላሉ፤ መንገዱ ላይ ግን ከእኛ በቀር ሰው የለም።

የጤና ኬላዋ ነርስ ወጣት ናት። እህቴን አስተኝታ ጡሩንባ የመሰለ ማዳመጫ ሆዷ ላይ አደረገችና ጆሮዋን ደፋች። እዚህ አዳመጠች። እዚያ አዳመጠች። ፊቷን እያየሁ ነበር፤ ፊቷ ምንም አይልም። ከበሩ ውጪ የቆመው ካፒቴን ባርኔጣውን በእጁ ጨምድዶታል።

«አለ» አለች ነርሷ። «ልቡ ይመታል። ግን ደክሟል።»

እህቴ ያን ጊዜ አለቀሰች። እኔ እንዳዳምጥ ለመንኩ። ነርሷ ፈቀደችልኝ። ጆሮዬን አደረግሁ፤ የራሴ ልብ ብቻ ነው የተሰማኝ። ቢሆንም «ሰማሁ» አልኩ።

ነርሷ ነገሩን አስረዳችን። ሞተር የሚተፋው ጭስ ውስጥ ሽታ የሌለው መርዝ አለ። ያስተኛል፤ ከዚያ አያስነሳም። እናት ስትታፈን ደግሞ ልጁም አብሯት ይታፈናል። «ጉዳት ይኑረው አይኑረው አሁን መናገር አልችልም። ሲወለድ ነው የሚታወቀው» አለች።

ያቺን ንግግር ይዘን ሰቆጣ ገባን። እናቴ ስለ ዱቄቱ አልተቆጣችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በየጠዋቱ ገና ሳትታጠብ እህቴ ዘንድ ሄዳ «ዛሬስ?» ትላለች። እህቴ «ተራግጧል» ስትል ሥራ ይጀመራል። ዝም ያለችበት ጠዋት ቁርስ የሚቀምስ የለም። ማታ ማታ እህቴ ተኝታ ስትተነፍስ እየሰማሁ ነው የከረምኩት። እሷ ደግሞ በአንድ ጥያቄ ስትሰቃይ ነበር፤ «ቢወለድ እንኳ ያለቅስ ይሆን?» ትለኛለች።

አለቀሰች። ሴት ልጅ ናት፤ ገና ሳትታጠብ አለቀሰች። አዋላጇ «ይቺማ ተቆጥታለች» አለች። እኔ ከበሩ ውጪ ነበርኩ፤ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

አሁን ምን ይሰማኛል? ፍርሃቱ አለቀ ብል ውሸት ነው። በወፍጮ ቤት በኩል ሳልፍ የሞተሩ ጭስ ከሸተተኝ ዛሬም ትንፋሼን ይዤ ነው የምሮጠው። ሕልሜ ውስጥም እነዚያ ዛፎች ይመጣሉ። መምሬ ካሳን ገበያ ላይ ሳገኛቸው እጃቸውን ስለመታሁ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «ጠንከር አድርገሽ ነበር መምታት፤ ቶሎ እነቃ ነበር» አሉኝና ባረኩኝ። ካፒቴን አዲሱን ቱቦ ገጥሟል። እስኪመጣለት ድረስ ጀልባውን አላንቀሳቀሰም አሉ።

የቀረን አንድ ነገር ስም ነው። ቤታችን ውስጥ ስምምነት የለም። ካፒቴን «ጣና በሏት» ብሎ ላከ፤ አባቴ «የውኃ ስም በቤቴ አይጠራም» አለ። የእህቴ ባል ከመጽሐፍ የገለበጠ የሚመስል ረጃጅም ስም ያመጣል። እናቴ በየቀኑ ትለዋውጣለች። እህቴ ሁሉንም ትሰማና «አልመጣልኝም» ትላለች። እስከዚያው ድረስ «እሷ» ነው የምንላት፤ እሷም በዚሁ ስም ታለቅሳለች።

ክርስትናዋ ሰማንያ ቀን ሲሞላት ነው። እህቴ ይህን እንደምጽፍ ነግሬያት «ያነበበ ሁሉ ይምጣ በያቸው» ብላኛለች። ስለዚህ ያነበባችሁ ሁሉ ተጠርታችኋል። ሰቆጣ መጥታችሁ ጩኸቷን ተከትላችሁ ብትመጡ ቤታችንን አታጡትም። ስጦታ አትያዙ። ስም ይዛችሁ ኑ።